ወሬው ሳይደርስ የታረቁት

ያኔ ከአጣዬ የተላከ ደብዳቤ ለንደን እስኪገባ ወር ይፈጅ ነበር፤ ያውም ፖስታ ቤቱ ካልተኛበት። አጎቴ ሰላምታውን ግማሽ ገጽ ካስኬዱት በኋላ ነበር ወደ ጠቡ የሚመጡት፦ በሰንበቴ በኩል የእገሌ በሬ የእገሌን ማሽላ በልቶ፣ ዱላ ተማዝዘው፣ አንዱ ተፈንክቶ። እዚያው ገጽ ላይ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ አበጋሮች ገብተው፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ሰንጋ ታርዶ፣ ዱዓ ተደርጎ ነገሩ ማለቁን ይነግሩኛል። ደብዳቤውን ካሌዶኒያን ሮድ ምግብ ቤት ውስጥ ለአገሬ ልጆች ሳነብ የሚቆጣ አልነበረም። በምን ይቆጣ? ባለበሬውና ባለማሽላው ታርቀው ገበያ ወርደዋል። እኛ ለንደን ላይ የማንተያየው በኢሕአፓና በመኢሶን ነበር፤ ያም ሌላ ጉድ ነው።

ገበያው የእሑዱ ሰንበቴ ነው፤ አፋሩ ግመሉን፣ አማራው ጤፉን፣ ኦሮሞው ከብቱን፣ አርጎባው ሸማውን ይዞ የሚገናኝበት። ጠብ አልነበረም የሚል ያንን አገር አያውቀውም። በድርቅ ዓመት ለሣርና ለውሃ ሰው ይሞታል፤ ቂም ለልጅ ይወረሳል። ግን ገዳዩ የእገሌ ልጅ ይባላል፤ ሽማግሌ የማንን ደጅ እንደሚጠና ያውቃል።

በ1980ዎቹ ከሚሴን መቀመጫው ያደረገው የኦሮሞ ዞን በአማራ ክልል ውስጥ ሲከለል ሰንበቴ ወዲያ፣ አጣዬ በሰሜን ሸዋ ወዲህ ሆኑ። ቀስ በቀስ የከብት ስርቆት እንኳ የዞን ጉዳይ ሆኖ አረፈው። ክላሽም በየቤቱ ገባ። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል የሞተው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይሆን ብሔሩ ነበር የሚወራው። ወሬውም ጢሱ ሳይበርድ ደረሰን። ሽማግሌዎቹ ሳይሰበሰቡ እኛ ሶፋችን ላይ ሆነን ጀማሪውን ለይተን፣ ፈርደን፣ በፌስቡክ ላይቭ አውጀን ጨርሰናል።

ለነገሩ የአገር ቤቱን ጠብ ለንደን ማምጣት ከዚያ በፊትም ተለማምደን ነበር። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ በተገደለ ማግሥት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012፣ ዊምብልደን ካኒዛሮ ፓርክ ውስጥ የነበረው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት ተሰባበረ። የሠራችው ሂልዳ ሴሊግማን በ1928 ስደተኛውን ንጉሥ ቤቷ የተቀበለች እንግሊዛዊት ናት። ውሻውን ይዞ በዚያ ያልፍ የነበረው ለንደኔ ሐውልቱ የማን እንደነበረ እንኳ ልብ ይለው የነበረ አይመስለኝም።

አጎቴ ዛሬ የሉም። ልጃቸው ግን ይደውላል፤ አጣዬ በተቃጠለች ሰሞንም ደውሎ ነበር። «የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ቀጠሮ ይዘው ነበር፤ ከእናንተ ዘንድ በተለቀቀ ቪዲዮ ፈረሰ» አለኝ። የለቀቀውን ሰው አውቀዋለሁ። በሳምንቱ ለተቃጠሉት ቤቶች ማሠሪያ አዳራሽ ተከራይተን ስናዋጣ ቀድሞ የተነሣ እሱ ነው። አምሳ ፓውንድ ሰጠ። ስሙ በማይክራፎን ሲነበብ ሞቅ አድርገን አጨበጨብንለት፤ እሱም ስልኩን አውጥቶ ጭብጨባውን ቀረጸ።