«እኔ ማንኛውም ይሆነኛል»

የአዲስ አበባ ልጅ ጣልያን ምግብ ቤት ገብቶ ማዘዝ ትምህርት የሚጠይቅ ነገር አይመስለውም። እኔም አይመስለኝም ነበር። ፓስታ በስጎ እኛ ቤት ከሽሮ ቀጥሎ ተደጋግሞ የሚሠራ ምግብ ነው። ላዛኛ ለልደት ይሠራል፤ ፓስታ ፉርኖ እንግዳ ሲኖር ይጋገራል፤ ኮቶሌት ደግሞ አባቴ ደመወዝ ተቀብሎ ፒያሳ ይዞን የወጣ ዕለት የሚበላ ነበር። ካስቴሊ የተባለው ውድ የጣልያን ምግብ ቤት የኪሳችን ስላልነበረ በበሩ እናልፋለን እንጂ አንገባም። የምንገባበት ቤትም ቢሆን ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ነበረው። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሳህን ይዘን፣ ክርናችንን ሰብስበን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንበላለን። ከእኅቴ ሳህን አንድ ሹካ ብቀምስ እናቴ በዓይኗ ታስቀምጠኛለች።

ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዞ ሲቆይ ፓስታውንና ፉርኖውን ይዞ መጣ። ጦሩ ተሸንፎ ሲወጣ ከጣልያኖቹ አንዳንዶቹ ጋራዥና ምግብ ቤት ከፍተው ቀሩ። ምግቡም እኛ ዘንድ የገባው የከተማ፣ የሆቴል፣ የሹካ ምግብ ሆኖ ነው። ውሎ አድሮ ቤታችን ገባ፤ ከመሶብ ጋር ግን ብዙም አልተዋወቀም።

ምግቡ አሜሪካ የገባው ግን በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1920 ድረስ ከአራት ሚሊዮን የሚበልጡ ጣልያኖች ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ አብዛኞቹ የደቡብ ሰዎች፣ ከናፖሊ አካባቢ፣ ከካላብሪያና ከሲሲሊ የመጡ ድሆች ነበሩ። አገራቸው ሳሉ ሥጋ የበዓል ነገር ነው። አሜሪካ ደርሰው መንገድ ሲቆፍሩና ድንጋይ ሲሸከሙ ውለው ባገኙት ገንዘብ ሥጋ መግዛት ሲችሉ እናቶች ድስቱን አሰፉ። አገር ቤት ትንሽ የነበረችው፣ ለብቻዋም የምትበላው ድቡልቡሏ የተፈጨ ሥጋ፣ ሚትቦል፣ አሜሪካ ውስጥ ብርቱካን አክላ ስፓጌቲ ላይ ወጣች። የሮሙ ባለ ምግብ ቤት አልፍሬዶ ዲ ሌሊዮ ያስተዋወቀው ፌቱቺኒ ቅቤና ፎርማጆ ብቻ ነበር፤ ክሬሙን የጨመረበት አሜሪካ ነው። የጠገበ ስደተኛ የሚሠራው ምግብ እንዲህ ነው፤ አልፈርድበትም።

የእነዚያን ስደተኞች የእሑድ ምሳ ትሪ ሙሉ አድርገው ወደ ንግድ የቀየሩት ትልልቆቹ ቤቶች ግን የቅርብ ጊዜ ናቸው። ካርማይንስ ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ማጂያኖስ ቺካጎ ውስጥ በ1991፣ ቡካ ዲ ቤፖ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በ1993 ተከፈቱ። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት የሠርግና የቁርባን ፎቶዎች ቤቱን የመቶ ዓመት ቤት ያስመስሉታል፤ የማን አያቶች እንደሆኑ ግን ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል። በነገራችን ላይ ዋሽንግተን ላይ ማማ ደስታ የተባለው የሐበሻ ምግብ ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ፈረንጅን ከአንድ ትሪ በማብላት እኛ እንቀድማለን።

የእኅቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ከሃይስኩል ሲመረቅ እንዲህ ያለ ቤት የመረጥኩት ለዚሁ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ አክስቴ አሉ፤ የደሴ ሰው የሆኑ ጎረቤታችን ሐጂ ከባለቤታቸው ጋር አሉ፤ ተመራቂው ከነጓደኞቹ አለ። ትሪው መሐል ይቀመጣል፣ ሁሉም ከዚያው ያነሣል። ከዚህ የበለጠ ሐበሻ ሐበሻ የሚል የፈረንጅ ቤት ከየት ይመጣል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አስተናጋጁ አንዱ ትሪ ለሦስት ለአራት ሰው እንደሚበቃ አስረድቶ ምን ልታዘዝ አለ። ዞር አልኩና፣

«አክስቴ፣ ምን ይምጣልዎ?» አልኳቸው።

«እኔ ማንኛውም ይሆነኛል ልጄ። አንተ ያልከው።»

«ሐጂስ?»

«እኛ ሰላጣ እንወዳለን። ለእኛ ብለህ አትጨነቅ።»

ልጆቹ ይሉኝታ አያውቁም። ሚትቦል፣ አልፍሬዶ፣ ቺክን ፓርም ብለው በአንድ አፍ ጮኹ። እኔም የሰማሁትን አዘዝኩ። አንዱ ልጅ የሚመርጥ ስለሆነ ለእሱ ተብሎ አንድ ትሪ ስፓጌቲ በማሪናራ ተጨመረ።

ወሩ ሰኔ ነበር። ጰራቅሊጦስ አልፎ የሐዋርያት ጾም ገብቷል። ብዙ ሰው «የቄስ ጾም» እያለ ያልፈዋል፤ ከሚያልፉት አንዱ እኔ ነኝ። አክስቴ አያልፉም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ስላልነገሩኝ እንደሌለ ቆጠርኩት።

ትሪዎቹ መጡ። አክስቴ አልፍሬዶውን አይተው ዝም አሉ፣ ዶሮውን አይተው ዝም አሉ። ማሪናራው ሲቀመጥ ግን ፊታቸው ፈታ አለ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፤ የሚያውቁት የጾም ስጎ ነው። ሹካቸውን አነሡ። ይኼኔ አስተናጋጁ ድፍን ፎርማጆና መፈቅፈቂያ ይዞ ደረሰ። የቤቱ ደንብ ነው፤ «በቃ» እስኪባል ድረስ ይፈቀፍቃል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ናቸው። ሐጂ የምግቡ ክብር መስሏቸው ፈገግ ብለው ያያሉ። እኔ ከእኅቴ ጋር ወሬ ይዣለሁ። አክስቴ እንግሊዝኛ አይናገሩም፤ ቢናገሩም የሚያስተናግድ እጅ አይመልሱም። ሰውየው ማሪናራው ላይ ፈቀፈቀ፣ ፈቀፈቀ፣ ቀዩ እስኪነጣ ድረስ። በቃ ያለው ሰው የለም። በመጨረሻ ራሱ ደክሞት ሄደ።

አክስቴ ሹካቸውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳረፉና ዳቦ አነሡ። እሱም ነጭ ሽንኩርት በቅቤ የተቀባበት ዳቦ ነበር። አሸተቱት፤ ከዚያ ማዕዱ እስኪነሣ ድረስ ቁራሹን በጣታቸው እየቆረሱ ከሳህናቸው አጠገብ ደረደሩት። እኔ ከወሬዬ መለስ ብዬ «ይብሉ እንጂ» ስላቸው «ጠገብኩ፤ ተባረክ» አሉኝ። ባረኩኝ! በማግስቱ እኅቴ ደውላ ማታ ቤት ሲገቡ ሽሮ አሠርተው እንደበሉ ነገረችኝ። ሐጂም ሚትቦሉ ውስጥ የአሳማ ሥጋ እንዳለ ከልጆቹ በአንዱ በኩል አስጠይቀው ደርሰውበት ነበር። እኔ እንዳልሳቀቅ ብለው ሰላጣቸውን በልተው፣ አመስግነው፣ ተመራቂውን መርቀው ሄዱ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በእነሱ ነው። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት? ይሉኝታችን ገደለን እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ ውጭ አገር የቆየን ሰዎች ይህችን ወሬ እንወዳታለን። ቆይቶ ግን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ እንዳየው ያደረገኝ የሐጂ ጨዋታ ነው። ወሎ ውስጥ የክርስቲያን ሠርግ ሲሆን ለሙስሊም ዘመድ በጉ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፣ ድስቱ ይለያል፣ የሚሠሩት ሴቶች ይለያሉ፣ መቀመጫውም ይለያል። ሙስሊሙ ሲድርም እንደዚያው። እንግዳው የሚበላውን አይጠይቅም፣ የማይበላውንም አይናገርም፤ ጋባዡ አስቀድሞ ጨርሶታል። እናቴም እንዲህ ነበረች። ረቡዕና ዓርብን ማን እንደሚጾም፣ ማን በስለት ላይ እንዳለ፣ ማንን ሐኪም ጨው እንደከለከለው ሳትጠይቅ ታውቃለች። እንግዳ እኛ ቤት «ማንኛውም ይሆነኛል» የሚለው እሷ ስለምታውቅ ነው።

እንግዲህ አክስቴ አጠፉ አልልም። የጋባዥነቱን ወንበር ይዤ ሥራውን ለሜኑና ለልጆች የተውኩት እኔ ነኝ። የየግል ሳህን በሚቀርብበት ቤት ይህ ብዙም አይጎዳም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ያዝዛል፣ የጾመም ጥግ ይዞ ሰላጣውን ይበላል። ትሪ መሐል የሚቀመጥበት ቤት ግን አዛዥ ይፈልጋል። ትሪው የሁሉም ስለሆነ ማንም እንደራሱ አያየውም፤ ለዚህ ነው ፎርማጆውን በቃ የሚል የጠፋው።

አሁን ምን እንደሚበሉ ሰዎችን አልጠይቅም። ከቀኑ በፊት ለየብቻ ደውዬ የማይበሉትን እጠይቃለሁ፤ ለዚህኛው ጥያቄ ይሉኝታ ብዙ ጉልበት የለውም። «ሰኔን ይዘዋል ወይ አክስቴ?» ብላቸው ኖሮ በአንድ ቃል ይመልሱልኝ ነበር። ቀጥዬ ለምግብ ቤቱ እደውላለሁ። ደረቅ ስፓጌቲ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴና ውሃ ብቻ ነው፤ እዚያው ቤት የሚዳምጡት ትኩስ ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። ማሪናራ በአብዛኛው የጾም ነው፤ ሮዝ መልክ ያለው የቮድካ ሶስ ክሬምም መጠጥም ስላለበት ጿሚውንም ሙስሊሙንም ያስቀራል። ቺክን ማርሳላ ስሙ እንደሚናገረው ወይን አለበት። ሚኔስትሮኒ የአትክልት ሾርባ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ አንዳንዱ ቤት የአሳማ ሥጋ ጠብሶ ይጀምረዋል፣ አንዳንዱ የፎርማጆ ቅርፊት ይጥልበታል። ካርቦናራና ሶሴጅ ያለበት ሁሉ አሳማ ነው ማለት ይቻላል። ሚትቦል በየቤቱ ይለያያል፤ የበሬ፣ የጥጃና የአሳማ ሥጋ ቀላቅሎ መሥራት የተለመደ ነው፣ ወተት የጠጣ ዳቦና ፎርማጆም ይገባበታል። ቲራሚሱ እንቁላል አለው፤ ብዙ ጊዜም አልኮል ይገባበታል። ሶርቤቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም ያስታርቃል።

ለአስተናጋጁ ስለ ጾማችን ታሪክ መተረክ አያስፈልግም። «ቪጋን» ካላችሁት ቅቤውም ፎርማጆውም እንቁላሉም ቀረ ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ዳቦውን ያለ ቅቤ፣ ፎርማጆውን በትንሽ ሳህን ለብቻው እንዲያመጣ ንገሩት። ሰባት ትሪ ከማብዛት አራቱን በደንብ መምረጥ ይሻላል፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ሁሉም ሰው የሚነካቸው ይሁኑ። ጿሚ ካለ የጾሙ ትሪ አስቀድሞ ይምጣ፣ ከአጠገቡም ይቀመጥ። በሰው ፊት የጾም ነው ብሎ ማወጅም አያስፈልግም፤ ስፓጌቲ ከነጭ ሽንኩርትና ከወይራ ዘይት ጋር ያልጾመውም ይሻማበታል።

አክስቴን ደግሜ ወስጃቸዋለሁ፤ አሁንም «አንተ ያልከው» ነው የሚሉት፣ እኔም ሌላ እንዲሉ አልጠብቅም። ይልቅ በዚህ ሰሞን ለመጋበዝ ያሰባችሁ ካላችሁ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። ስድስት ሰውና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ቤቶች 18 ወይም 20 በመቶ ጉርሻ ራሳቸው ሂሳቡ ላይ ይጨምራሉ፤ ሳታነቡ ድጋሚ አትስጡ። ካርዳችሁንም ከመቀመጣችሁ በፊት ለአስተናጋጁ ስጡት። ሂሳቡ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ አክስቴ ማንንም አያስከፍሉም።