ባለ በቅሎው ይወርዳል

በአገራችን ስለ ብስክሌት ሲነሣ ወሬው ሁልጊዜ ስለ አስፋልት ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትካፈል፣ ወደ ሜልቦርን ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እነዚህን ሰዎች ሁሉም ያደንቃቸዋል። በጫካ መካከል፣ አህያና ሰው በሚሄዱበት ቀጭን መንገድ ላይ ብስክሌት ልንዳ የሚል ሰው ሲገኝ ግን «ምን ቆርጦህ?» መባሉ አይቀርም። እኔም ተብዬአለሁ።

ጊዜው ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። አንድ ጓደኛዬ ከውጭ አገር ያስመጣቸውን ሁለት የተራራ ብስክሌቶች ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሳስረን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ተጓዝን። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደብረ ብርሃን የጠዋት ውርጭ ጣቶቻችንን አደንዝዟቸው ስለነበር እስከ መንገዱ አጋማሽ ድረስ ብዙም አልተነጋገርንም። ያሰብነው ከወፍ ዋሻ ደን የላይኛው ጠርዝ ገብተን፣ በዛፎቹ መካከል ቁልቁል ወርደን፣ በሌላ መንገድ ዳገቱን ወጥተን እዚያው የተነሣንበት ቦታ ለመመለስ ነው። ገበያ የለን፣ ለቅሶ የለን፣ የምናደርሰው መልእክት የለን። ዞሮ መመለሱ ብቻውን ጉዳያችን ነበር።

የተራራ ብስክሌት የሚባለው ነገር የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ወጣቶች አሮጌ ወፍራም ጎማ ብስክሌቶችን እየጠጋገኑ ከተራራ ቁልቁል ይሽቀዳደሙ ጀመር። ጨዋታው እያደገ ሄዶ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ውድድር ለመሆን በቃ። የያዝናቸው ብስክሌቶች የዚያ ዘር ናቸው፤ ጎማቸው ሰፊና ጥርሳም፣ ማርሻቸው ብዙ፣ ፍሬናቸው በአንድ ጣት የሚታዘዝ። ክብደት እንዳይጨምር ሲባል ደግሞ ጭቃ መከላከያ የላቸውም፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ የላቸውም፣ ደወልም የላቸውም።

ወፍ ዋሻ ከአንኮበር አካባቢ ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና በሚዘልቀው ገደላማ ተዳፋት ላይ የተንጠለጠለ ጥንታዊ የመንግሥት ደን ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ተራራ በጥድ ሲያለብሱ ዘሩን ያስመጡት ከዚሁ ነው እየተባለ ይነገራል። ከላይ፣ ነፋሱ በሚበረታበት፣ አስታና ጅብራ አለ፤ ዝቅ ሲሉ ኮሶ፣ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ይቀበላሉ። በገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ ነበር። ሁለት ሰዎች በጎማ ላይ ሲመጡ ቀና ብሎ አየንና ወደ ሣሩ ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር፣ ቁልቁለቱን ስንጀምር ከዚያ የበለጠ ደስታ በሕይወቴ አላስታውስም። እርጥብ ቅጠል ከጎማው ሥር ይንሾካሾካል፤ ፀሐይ በዛፎቹ መካከል ብልጭ ድርግም ትላለች፤ መሪው እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ከፔዳሉ ላይ ቆሜ፣ ፍሬኑን ረስቼ፣ ልጅ ሆኜ ነበር።

አንድ ጥምዝ ላይ ሴትዮዋን አየኋት።

ጀርባዋ ላይ ከቁመቷ የሚረዝም የጭራሮ ሸክም አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ዳገቱን ትወጣለች። ዐይኗ መሬት ላይ ነው። እኔ ጮኽሁ። እሷ ቀና ስትል ያየችውን እንጃ፤ ከመንገዱ ዘላ ስትወጣ ሸክሙ ወደ ጎን ጎተታትና ከነጭራሮው ቁጥቋጦው ላይ ተቀመጠች። እኔ ከሃያ እርምጃ በኋላ ቆምኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ብስክሌቱን ጥዬ እየሮጥኩ ወጣሁ። የእናቴ እኩያ ናት። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ! ተጎዱ እንዴ?» አልኳቸው። (ከሩቅ «እሷ» ያልኳቸው ሴት ከቅርብ «እሳቸው» ሆኑ።) ነጠላቸውን አራገፉ፤ ክርናቸውን አሹ፤ ገመዱ መላላቱን አዩ።

«ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ቀጥለውም «አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?» ብለው ጠየቁኝ።

ከአዲስ አበባ መምጣቴን ነገርኳቸው። የጠየቁኝ ግን አገሬን አልነበረም። ያሳደገኝን ነበር የጠየቁኝ።

ሸክሙን ላሸክማቸው ብዬ ገመዱን ይዤ ሳብ ባደርገው ንቅንቅ አላለም። ጓደኛዬ ደርሶ ለሁለት አነሣነው። ግማሹን በብስክሌቱ ላይ ጭነን ዳገቱን እንግፋላቸው ብለን ብናስብ የሚታሰርበት ቦታ የለም። እማማ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና፦

«ይኼ ነገር ምን ይጭናል?» አሉ።

«ሰው ብቻ ነው፣ እማማ።»

«ሰው ብቻ!» አሉና ሣቁ። «የተቀመጠበትም ሰው ቢሆን፣ እኮ፣ ሰው ሲያገኝ ይወርዳል። ባለ በቅሎው ነው የሚወርድ፤ የተሸከመ አይደለም።»

ይህን ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሕጉን አላውቀውም ልል አልችልም። አያቴ በበቅሎ ሲሄዱ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ ይወርዱ ነበር፤ ሽማግሌ ሲያገኙም ወርደው እጅ ነሥተው፣ ጥቂት በእግራቸው ተራምደው፣ እንደገና ይቀመጡ ነበር። ይህን ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ኋላ ሳነብም የተራራ ብስክሌት ነጂዎች በየአገሩ ተመሳሳይ ደንብ እንዳላቸው ተረዳሁ፤ ብስክሌተኛ ለእግረኛ፣ ቁልቁል የሚወርድ ዳገት ለሚወጣ ይቆማል። ስለዚህ በሁለቱም ሕግ ጥፋተኛ ነበርኩ። ጓደኛዬ «አጋጣሚ ነው» ሊለኝ ሞክሮ ነበር። አጋጣሚ አልነበረም። ሳያት መጀመሪያ የጮኽኩት «ገለል በይ» ብዬ ነው። ፍሬኑን የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያ ተዳፋት ላይ የኖረው ነገር ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ ወደ አንኮበር ሲመጣ፣ ግመሎቹ ከቆላው ግርጌ ቀሩ። ያመጣው ገጸ በረከትና ጓዝ ዳገቱን የወጣው በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ሸክም ነው። የሃሪስን ስምና ከንጉሡ ጋር ያደረገውን ውል መጻሕፍት መዝግበውታል። የተሸካሚዎቹን ስም ግን የሚያነሣ የለም። እኛም ያን ቀን ማታ አንኮበር ላይ ስለ ወፍ ዋሻ ስናወራ የጥዱን ቁመት፣ የጭላዳውን ጎፈር፣ የጥምዙን ብዛት አነሣን። መንገዱን ማን እንዳወጣው አላነሣንም። ያ መንገድ በእነእማማ እግር የተጠረገ ነው። እኛ ዞረን የተመለስንበትን እሳቸው በየቀኑ ይመላለሱበታል፤ ልዩነቱ የእሳቸው ዙር መጨረሻ ላይ እሳት ይነድዳል፣ እራት ይበስላል።

የቀረውን ዳገት ብስክሌታችንን እየገፋን ወጣነው። ከመንገድ ያገኘነውን ሁሉ ቆመን አሳለፍን። አህያ የሚነዳ ልጅ፣ ሁለት ቄስ፣ ጠላ ይሁን ውሃ ያልለየሁት እንስራ ያዘለች ልጃገረድ። በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዓት ያሰብነው ዙር አምስት ሰዓት ፈጀ።

ከዚያ ወዲህ ወደዚያ አልተመለስኩም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከዚያ አካባቢ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ለጨዋታ የሚሄድ ሰው መንገድ ሲዘጋበት ቤቱ ይቀመጣል። እማማ ግን ማገዶ ያስፈልጋቸዋል። አንዳንድ ማታ ስለ ሰሜን ሸዋ ዜና ስሰማ የማስበው ያንን ጥምዝ ነው፤ እዚያ ላይ አሁን ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ፣ ማንስ ለማን እንደሚወርድ።

ከጉዞው እንደተመለስኩ ጓደኛዬ ብስክሌቱን በዝቅተኛ ዋጋ ሸጠልኝ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መርካቶ ሄጄ ደወል ገዝቼ መሪው ላይ ማሰር ነበር። ጥፋቴን ያረምኩ መሰለኝ። አንድ ጠዋት በሰፈሬ ኮረኮንች ስወርድ ከፊቴ ለምትሄድ አንዲት አሮጊት ደወልኩ። ደንግጠው ወደ ቦዩ ጥግ ተጠጉ።

ወረድኩ። እጅ ነሥቼ አለፍኳቸው። ማታ ቤት ስገባ ደወሉን ፈታሁት።