ቁጣው እስኪበርድ

አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ያላት እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ትናንት ከጉያዋ የማይለይ ልጅ ዛሬ «ምን ሆነሃል?» ሲባል ይቆጣል፤ ወይም በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ጎረቤትም «ቅጣት አጥቶ ነው» ይላል። ነገሩ ግን የጠባይ ብቻ ሳይሆን የሰውነትም ጉዳይ ነው።

ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲያፍር ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን በሴኮንዶች ውስጥ ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እጅ ያልበዋል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ኮርቲሶል የተባለው ሌላው ሆርሞን ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ መጠኑ ከፍ የሚለውም ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ይህ በሽታ አይደለም፤ ከአደጋ መከላከያ ኃይል ነው። ሆኖም ስሜትን የሚገታውና ነገርን የሚያመዛዝነው የአንጎል የፊት ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ በመሆኑ፣ ለጋ ልጅ ራሱን ቶሎ ማረጋጋት ይቸግረዋል። በዚያች ሰዓት የሚሰጥ ምክር፣ ይልቁንም ዱላ፣ እሳት ላይ ጋዝ እንደ መጨመር ነው።

የ8ኛ ክፍል ፈተና በተቃረበበት ሰሞን ልጄ የሒሳብ ውጤቱን ስጠይቀው ደብተሩን ወርውሮ ወደ ጓሮ ወጣ። አማቴ «ዝም ልትይው ነው?» አሉኝ። «ትንሽ ይታገሡኝ፣ እማማ» ብዬ ወጤን ማማሰል ቀጠልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ራሱ ማድቤት መጣና «እማዬ፣ ሰሌዳ ላይ ስሳሳት ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ» አለኝ። ደብተር መወርወር ነውር መሆኑን የነገርኩት ያን ጊዜ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ተከትዬው ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ግን የሳቁን ነገር ባልነገረኝ ነበር።

እንግዲህ እህቶቼ፣ መታገሥ ማለት ልጅን መረን መልቀቅ አይደለም። ተግሣጹ ይቀራል ማለትም አይደለም፤ ጊዜውን ይጠብቃል እንጂ። እስከዚያው ልጁ ውኃ ይጠጣ፣ እየተራመደ ትንፋሹን ቀስ አድርጎ ያስወጣ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ስላለበትም፣ ጥናቱ እንቅልፉን አይሻማበት። ኀዘኑ ወይም ቁጣው ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቀው ከቆየ፣ ወይም ምግብና ትምህርት ካስጠላው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

እኛም ብንሆን ቀኑን ሙሉ በሥራና በታክሲ ሰልፍ ተወጥረን ነው የምንገባው። የልጁን ደብተር ከመጠየቃችን በፊት ነጠላችንን አውልቀን ጥቂት አረፍ ብንል፣ የእኛም ሰውነት ይረጋጋል።