ባሕር በሌለበት አገር የተገኘ ዛጎል

ከመካነ ኢየሱስ ተነሥተን፣ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ደጀንን አልፈን የዓባይን በረሃ ወረድን። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። መኪናው ለዕረፍት እንደቆመ የዘጠኝ ዓመት ልጄ አንድ ድንጋይ አንሥታ፣ «እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። በድንጋዩ ላይ እንደ ማራገቢያ የተሸነሸነ ቅርጽ አለ። «ጣይው፣ እጅሽን ያቆሽሻል» ልላት ስል ነውር መሰለኝና፣ «እኔም አላውቀውም፤ እንጠይቅ» አልኋት።

አብሮን የሚጓዝ አንድ መምህር አስረዳን። የባሕር ዛጎል ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ይህን ምድር ባሕር ሸፍኖት ነበር፤ የሞቱት እንስሳት ቅርፊት በጭቃው ተቀብሮ የኖራ ድንጋይ ሆነ። በኋላም፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ከላይ ፈሰሰበት። ስለዚህ በእኛ በእስቴ ደጋ አይታይም፤ እዚህ ግን ዓባይ ቆርሶ ገለጠው። እንግሊዛዊው ብላንፎርድም በ1860 ዓ.ም. በትግራይ እንዲህ ያለውን ድንጋይ አጥንቶ በሕንጣሎ ስም ሰይሞታል።

እናቶች ሆይ፣ መለየቱ ከባድ አይደለም። ሽንሽንና ክዳን ያለው ዛጎል ነው፤ ባለ አምስት ጨረር ኮከብ የታተመበት ድቡልቡል የባሕር ጃርት ነው፤ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ የበዛበት ደግሞ ኮራል ነው።

ልጄ ሥዕሉን በደብተሯ ነድፋ፣ ድንጋዩ የአገር ቅርስ ነውና ከነበረበት መለሰችው። «አላውቅም» ብሎ ከልጅ ጋር መጠየቅ እናትን አያሳንስም፤ ጠያቂ ልጅን ዝም ማሰኘት ግን ያከስራል።