የማን እጅ ነው?

አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ማረሻ ሊገዛ የወጣ ገበሬ አይቸኩልም። ብረቱን አንስቶ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል፤ ጫፉን በጣቱ ይዳስሳል። ቀንበር ከሆነ የበሬዎቹን ትከሻ፣ ሞፈር ከሆነ ቁመታቸውን ያስባል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «የማን እጅ ነው?» የሠሪውን ስም ሲሰማ ወይ ይገዛዋል፣ ወይ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ዛሬ «ብራንድ» የሚባለው ነገር ከዚህ ጥያቄ አይርቅም። ልዩነቱ፣ አንዳንዱ አገር መልሱን ዕቃው ላይ ይጽፈዋል፤ አንዳንዱ አገር ደግሞ ሠሪው በሙያው እንዲያፍር ያደርገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1924 ዮሴፍ ፊሸር የተባለ ጋሪ ሠሪ ኦስትሪያ ውስጥ ሪድ በምትባል ከተማ የራሱን ሥራ ጀመረ። እንጀራው ጋሪ ነበር፤ ጎን ለጎን ከእንጨት የበረዶ ሸርተቴ፣ ማለትም ስኪ፣ ይሠራ ነበር። ጎን ለጎን የነበረው ሥራ ውሎ አድሮ ዋናውን ዋጠው። ዛሬ የዚያ ጋሪ ሠሪ ስም በኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች ስኪ ላይ ተጽፎ ይታያል። መቶ ዓመት ሙሉ ማንም «የጋሪ ሠሪ ዘር» ብሎ አላሳፈረውም፤ ስሙ ራሱ ሀብት ሆነ።

የስኪ አመራረጥም ከማረሻው ብዙ አይለይም። ለሜዳና ለዳገት የሚሆነው ስኪ መሐሉ እንደ ደጋን ጎበጥ ያለ ነው። ሰው በሁለት እግሩ እኩል ሲቆምበት መሐሉ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ይንሸራተታል። ክብደቱን ሁሉ ባንድ እግሩ ሲጥልበት መሐሉ በረዶውን ይነክሳል፤ ወደፊት ያስፈነጥራል። መፈተኛው ቀላል ነው። ስኪው ለጥ ባለ ወለል ላይ ይቀመጥና ከሥሩ ወረቀት ይገባል። በሁለት እግር ሲቆም ወረቀቱ መሳብ አለበት፤ ባንድ እግር ሲቆም መያዝ አለበት። ስኪው ለሰውዬው ከጠነከረበት ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ከላላበት እየጎተተ ያደክመዋል። ስም ብቻ አይቶ የገዛ፣ የራሱን ክብደት ያልጠየቀ፣ ዳገቱ ላይ ይጋለጣል።

«በረዶ ለሌለው አገር ስኪ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ሮቤል ተክለማርያም ይህን ጥያቄ ሳይሰማው አልቀረም። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል፣ አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ጎማ በተገጠመለት ስኪ እየተለማመደ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደገመው። በረዶም ቢሆን ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። እስክንድርያዊው ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦ ያቆየው የአዱሊስ ጽሑፍ፣ ንጉሡ በዘመተባቸው የሰሜን ተራሮች ላይ ሰው እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ ይሰምጥ እንደነበር ይናገራል።

ነገሩ ግን የበረዶ ጉዳይ አይደለም፤ የስም ጉዳይ ነው። ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወጣው መንገድ ወለቃን ያልፋል። ወለቃ ለብዙ ዘመን የቤተ እስራኤል ባለእጆች መንደር ነበረች፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። አገሬው በነሱ ማረሻ አርሶ፣ በነሱ ምጣድ ጋግሮ በላ። መልሶ ግን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» አላቸው። ቀን ማረሻ ያሠራው ሰው፣ ማታ «ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እያለ ልጁን ያስፈራራ ነበር።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። የኦስትሪያው ጋሪ ሠሪ ሥራውን የጀመረው ከዚያ አዋጅ 16 ዓመት ዘግይቶ ነው። አዋጅ ስድብን ይከለክል ይሆናል፤ ንቀትን ግን ከሥሩ አይነቅልም። የወለቃ ባለእጆች አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ እስራኤል ሄዱ። ስማቸውን ዕቃው ላይ አልጻፉም ነበርና፣ የቱ የማን ሥራ እንደነበረ ሳይታወቅ ቀረ።

ዛሬ በየመድረኩ «የአገር ውስጥ ምርት ይበረታታ» ይባላል። መልካም ነው። ነገር ግን ማበረታቻ ከብድርና ከመሥሪያ ቦታ ብቻ አይጀምርም። አንድ ብረት ሠሪ «የእገሌ ሥራ ነው» ብሎ ስሙን ምድጃው ላይ ሲቀርጽ ጎረቤቱ የሚኮራበት ከሆነ፣ ልጁም የአባቱን ሙያ ለመናገር ካላፈረ፣ ፋብሪካው ያኔ ተጀምሯል።

ገበሬው እኮ ጥያቄውን ድሮም ያውቀዋል። የጎደለው፣ መልሱን አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሰጥ ባለእጅ ነው።