ከዘጌ የመጣ ቡና

እኔ ልጅ ሳለሁ ባሕር ዳር ላይ ቡና ከሱቅ መግዛት ብርቅ ነበር። ከኅዳር ወዲያ ለቀማው ሲደርስ የዘጌ ሴቶች በትንንሽ ከረጢት ቋጥረው በየደጁ ያመጡታል። እናቴ ደንበኛ ነበረቻት። ሴትዮዋ የከረጢቱን አፍ ስትፈታ እናቴ አንዲት ፍሬ አንስታ በፊት ጥርሷ ትሰብራታለች። ቀጭ ካለች ደርቃለች፤ ከለዘበች ፀሐይ ይቀራታል። ዋጋው የሚቆረጠው ከዚያች ድምፅ በኋላ ነው።

«ዘንድሮ ምነው አነሰች፣ እታለም?»

«አበባው ላይ ዝናብ ከለከለን እኮ፣ እቴ። ያለችውንም ጦጣው ተሻማን።»

ክርክሩ ረዥም ነው፤ አንዳንዴ ቁርስ ቀርቦ ያልቃል። ቡና ያለ ፈቃድ ማዘዋወር በሚያስጠይቅበት በዚያ የደርግ ዘመን ሴትዮዋ ከረጢቷን ምን ሥር ደብቃ ኬላውን እንዳለፈች ግን ማንም አይጠይቃትም። እኛ የምንፈልገው ቡናውን ነበር።

ዘጌ ደሴት አይደለችም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የምታስኬድ፣ ወደ ጣና ዘልቃ የገባች ባሕረ ገብ መሬት ናት። ኑሮዋ ግን ከብዙ ደሴት ይልቅ ከየብሱ የተለየ ነው። ጎጃም ሁሉ በሬ ጠምዶ ሲያርስ፣ ዘጌ ላይ እርሻም ከብት ማርባትም ነውር ሆኖ ኖሯል። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው የዘጌን ገዳም ያቀኑት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። ሕዝቡም በእነዚህ እንዲኖር ቃል ተገባለት፤ መሬቱን ላያርስ እሱም ቃል ገባ። ከዚያ ወዲህ የዘጌ ሰው ጤፉንና ዳጉሳውን አፋፍ ገበያ ወርዶ በቡና ገንዘብ ይሸምታል።

ታሪኩን ማመን አለማመን የየሰው ፈንታ ነው፤ ውጤቱ ግን ቆሞ ይታያል። የሐይቁ ዳርቻ በአብዛኛው ተመንጥሮ ሲያልቅ ዘጌ ጫካ እንደሆነች ቀረች፤ ቡናዋም ዛሬ ድረስ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ስብሰባው፣ ሰሌዳውና ባለሙያው ተከተለ። የዘጌ ሽማግሌዎች ግን ጫካውን የመጠበቁን ሥራ ለመቶዎች ዓመታት ያለ አበል ሲሠሩት ኖረዋል።

ቡናው ስም አወጣ እንጂ የባሕር ዳርን ምሽት ያሞቀው ጌሾው ነበር። ጠላ ጠማቂዎቹ ጌሾ ሲገዙ ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው ያሸቱታል። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾውና ብቅሉ ይጠነሰሳል፤ ከቀናት በኋላ እንኩሮው ተጨምሮ ድፍድፉ ይመታል። ሰፈራችን ውስጥ ጣሳ የተደፋበት እንጨት የተተከለበት ደጅ ሁሉ የዚህ ሥራ ማስታወቂያ ነበር። ጠማቂዋ ባሏ የሞተባት ወይም የተለያት ሴት ትሆናለች፤ ልጆቿን ያስተማረችው ያ ጋን ነው። ማታ ጠላዋን እያሞገሰ የሚጠጣው ሰው ግን ጠዋት መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላምታውን ይቆጥብባት ነበር።

ዛሬ ያ እንጨትና ጣሳ ከከተማው መሀል ወደ ዳር ተገፍቷል። በ1992 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ዳሸን ቢራ ሥራ ጀመረ፤ ሌሎችም ጠርሙሳቸውን ይዘው ተከታተሉ። ቢራ ባይመጣ አልልም፤ ሲሞቅ እኔም እጠጣለሁ። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ቢራውን የሚያመርረው ሆፕስ የተባለው የፈረንጅ ጌሾ በውጭ ምንዛሪ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ የጣናው ጌሾ ደግሞ ሐይቅ ተሻግሮ ገበያ ላይ ገዢ ይጠብቃል። በባሕር ዳር ዙሪያ ያለው ወጣት ገበሬም ሒሳብ ያውቃል። ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፤ ጫት ውኃ ካገኘ ደጋግሞ ይቆረጣል። በሐይቁ ዳር የሚንዶቀዶቀው የውኃ ፓምፕ የማንን ሥር እንደሚያጠጣ ለማወቅ ጠጋ ማለት ይበቃል።

እኛ የዚያ ዘመን ልጆች ስንገናኝ «ወይ ያ ጊዜ!» ማለት ይቀናናል። ትዝታችን ግን ጣዕሙን ይዞ የሠራውን እጅ ጥሏል። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ እንደጻፉት፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዐሥርት ዓመታት የዘጌን ቡና ያለሙ ካህናትና ባለርስቶች ባሪያ ያሠሩ ነበር። የአቡኑ በትር ታሪክ ሲነገር ይህኛው ክፍል አብሮ አይነገርም።

ከዚያ ቀረብ ብሎ ደግሞ እኛው ዐይን ሥር የነበረ አለ። ቡናውንና ማገዶውን ከዘጌ የሚያመላልሰውን ታንኳ ከደንገል ጠፍረው የሚሠሩት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። የጠላው ብቅልና ዳጉሳ የሚፈጭበትን ወፍጮ ከድንጋይ ጠርበው የሚያወጡትም እነሱ ነበሩ። ዓሣውን ያመጡልናል፤ ሰሌኑን ከእነሱ እንገዛለን። ማዕድ ላይ ግን አብረን አንቀመጥም። «ጉማሬ ይበላሉ» ይባል ነበር፤ ሲኒያችንን እንዳይነኩብን ይህ በቂ ምክንያት ሆኖ ኖረ። በታንኳቸው ተሻግረን፣ በወፍጯቸው ፈጭተን የጠጣነውን ጠላ ግን ማንም «የረከሰ» አላለውም።

በ1978 ዓ.ም. በኔዘርላንድ እርዳታ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲገባ ዓሣው ከዳርቻ ወደ ሐይቁ መሀል፣ ከሰፈር ገበያም ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆነ። ከጣና በቀር በዓለም ላይ የማይገኙት የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ግን በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ሲወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ መረቡ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ቁጥራቸውም ክፉኛ ወረደ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም ሐይቁ ላይ ታየ። ደንገሉም ሲመናመን የታንኳ ሠሪውም ሥራ አብሮ ተመናመነ።

ዛሬ ዘጌን የምናየው እንደ እንግዳ ነው። ጀልባ ተከራይተን፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው ጥላማ መንገድ ትንንሽ የታንኳ ቅርጽ የሚሸጡትን ልጆች እያለፍን እንወጣለን። በለቀማ ወራት በመንገዱ ዳር ቀዩ ቡና ተሰጥቶ ይታያል፤ ፎቶ እናነሳዋለን። ዛፍ ሥር ረከቦት ዘርግታ የምትቆላዋ ሴት ጋ ሦስተኛውን ሳንጠብቅ አቦሉን ጠጥተን እንነሳለን። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት ጎብኚው ርቆ ረከቦቱ ብዙ ቀን ሳይዘረጋ ይውላል።

ቡናው ተመስገን አሁን ስም አለው። በሚያምር ላስቲክ ታሽጎ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተለጥፎበት ብታገኙት አይግረማችሁ። መልአኩ ከነክንፉ አለ፤ የለቀመችው ሴት ስምና የተከፈላት ግን የለበትም። ድሮ ፊቷን እያወቅን ክብሯን ነፈግናት፤ ዛሬ ምርቷን አክብረን ፊቷን አናውቀውም።

ዘጌን እንወዳለን የምንል ከተሜዎች ከጉብኝቱ ይልቅ ሒሳቡ ላይ ብንታረም ይሻላል። ካፌ ቁጭ ብሎ የማኪያቶ ሒሳብ ሲመጣለት ጉርሻ ጨምሮ የሚከፍል ሰው፣ ኡራ ወደብ ላይ በአንዲት ጣሳ ቡና «ቀንሺ እንጂ!» እያለ ሲከራከር ጀልባው ጥሎት ሊሄድ ምንም አይቀረው።