«አሰንዳቦን ሰጠሁሽ»

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ ሰኮሩን አልፎ ሰርቦ ከመድረሱ በፊት አሰንዳቦን ያገኛል። የሰባት ዓመት ልጄንና የዘጠኝ ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ በዚያ ሳልፍ ሻይ ለመጠጣት ወርደን ነበር። ከሻይ ቤቱ ጥግ ሁለት ልጆች መሬት ላይ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ምሰው በጠጠር ገበጣ ይጫወታሉ። የእኔዎቹ ሻያቸውን ትተው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉ። ሹፌሩ ጡሩምባ ቢነፋም የሚሰማው አልተገኘም።

እንዲህ ልቡ የሚመሰጠው የእህቴ ልጅ፣ ቀደም ሲል አንድ ሙዚየም ወስጄው ሳለ «መቼ ነው የምንወጣው?» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም ነበር። አስጎብኚው ከመስታወት ወደ መስታወት እየነዳ ዓመተ ምሕረት ይቆጥርልን ነበርና አልፈረድኩበትም። አሁንም ጅማ ሙዚየም እንደምንገባ ስነግረው ፊቱን አጨፈገገ።

በሌላው ዓለም ልጆችን በጨዋታ መልክ ሙዚየም ማስጎብኘት የተለመደ ሆኗል። ጎብኚው ፍንጭ ይሰጠውና ዕቃውን ራሱ ፈልጎ ይደርስበታል። ለዚህ እኛ ሩቅ መሄድ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የአገራችንን የገበጣ አጨዋወት ዓይነቶች በዝርዝር መዝግበዋል። እንቆቅልሽማ በየቤታችን አለ።

ጅማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር መገልገያዎች ይገኙበታል። መጀመሪያ ላይ ተሳሳትኩ። «ብዙ ዕቃ የቆጠረ ከረሜላ ያገኛል» ብል ሁለቱም እየሮጡ ቆጥረው ምንም ሳያዩ ተመለሱ። እናቶች፣ ሽልማት ስታስቀድሙ ተጠንቀቁ። ከዚያ ወዲያ ዕቃውን ቀርቦ ካላዩት የማይፈታ ነገር መረጥኩ።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልሽ?»

«ሦስት እግር አለው፣ አንድ እርምጃ አይሄድም። አካሉ ሁሉ ካንድ እናት ነው፣ መገጣጠሚያ የለውም።»

ልጁ ክፍሉን ዞረ፣ ጎንበስ ቀና አለ፣ አቃተው።

«አገር ስጠኝ!»

«አሰንዳቦን ሰጠሁሽ!»

መልሱን ልነግረው ስል ልጄ እጁን ይዛ በርጩማው ዘንድ ወሰደችው። ምስማር ፈለጉ፤ የለም። የጅማ በርጩማ ካንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነውና። «ለምን አራት እግር አላደረጉለትም?» ሲል ጠየቀ። ይህን እኔም አስቤው አላውቅም። በዕድሜ ጠና ያሉ የሙዚየሙ ሠራተኛ መለሱለት፦ «ልጄ፣ የአፈር ወለል ወጣ ገባ ነው። አራት እግር ይንገዳገዳል፤ ሦስት እግር ግን የትም ይቆማል።» የአሰንዳቦው የሻይ ቤት መደብ ትዝ አለኝ።

ልጁ እንግዲህ ራሱ እንቆቅልሽ ፈጥሮ ሴትዮዋን ጠየቃቸው። ዐውቀውም ይሁን ሳያውቁ አልመለሱለትም።

«አገር ይስጡኝ!»

«ጅሬንን ሰጠሁህ።»

በማግሥቱ የተሰጠኝን አገር ካላየሁ ብሎ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወደሚገኝበት ኮረብታ ከፊታችን ሆኖ ወጣ።